ክዳኑ የማይነግረን ነገር

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ከአንድ አሮጌ ደብተር መሀል ተጣጥፎ የወጣ ወረቀት ነው። የቲማቲም ስጎ አሠራር ነው፤ ባልተቻኮለ እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ፣ ጥጉ ላይ የዘይት ጠብታ ያረፈበት። የቲማቲሙ ልክ አለ፤ የቀይ ሽንኩርቱ፣ የነጭ ሽንኩርቱ፣ የካሮቱና የዘይቱም ልክ አለ። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ትኩሱን በጠርሙስ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በአፉ ደፍቶ ማሳደር። ጠዋት የክዳኑ መሀል ከሰረጎደ ታሽጓል፤ ዓመት ይቆያል።»

ይህቺ የመጨረሻ መስመር ከሐሳቤ አልወጣ አለች። ዛሬ እንዲህ አድርጉ ብሎ የሚመክር የዘርፉ ባለሙያ እንደማይገኝ አውቃለሁ። የከነከነኝ ሌላ ነው፤ በዚህ መንገድ የታሸገ ጠርሙስ ለስንትና ስንት ዓመት እየተከፈተ ሲበላ የታመመ ሰው አይታወስም። «ስንበላው ኖረናል» ሲባል ከጀርባው የሰው ሙያና ድካም አለ። «ድሮ ሰው አያውቅም ነበር» ብሎ ማለፍ ለእኔ ስንፍና ሆኖ ታየኝ። ምን ሲያድናቸው እንደኖረ ማወቅ ፈለግሁ።

## ክዳኑ ለምን ይሰረጉዳል?

ትኩስ ምግብ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ከላይ የቀረውን ክፍት ቦታ እንፋሎት ይሞላዋል፤ አየሩንም እየገፋ ያስወጣዋል። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ቦታው ባዶ ይቀራል። ያኔ የውጭው አየር ክዳኑን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ወጥ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው የሚያውቀው «ቋ» የሚል ድምፅም ይሰማል። ድምፁ የሚናገረው ስለ አየር ብቻ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ሕያው ነገር ቀርቶ እንደሆነ አይናገርም።

ነገሩ የተገለበጠብኝ እዚህ ላይ ነው። አየር የሌለበት ጠርሙስ ለሻጋታ አይመችም። ቦቱሊዝም የተባለውን መመረዝ ለሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ለክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም፣ ግን ከዚህ የተሻለ ማደሪያ የለም። ባክቴሪያው አፈር ውስጥ በየቦታው ይገኛል። ሁኔታው ሲከብደው ስፖር ወደሚባል ጠንካራ መልክ ይለወጣል፤ ስፖሩም በሚፈላ ውሃ ውስጥ ለሰዓታት ሳይሞት መቆየት ይችላል። አየር በሌለው፣ እርጥብ በሆነ፣ ኮምጣጣነቱ ባነሰና በክፍል ሙቀት በተቀመጠ ምግብ ውስጥ ሲያርፍ ይነቃል፤ ይራባል፤ መርዙንም ይረጫል። በቂ ሙቀት ሳያገኝ በአፉ ተደፍቶ ያደረ ጠርሙስ ክዳኑ በደንብ በሰረጎደ ቁጥር ለዚህ ባክቴሪያ ቤቱን በደንብ ዘጋለት ማለት ነው። ወረቀቱ «ሥራው አለቀ» ለማለት የተጠቀመበት ምልክት፣ ሥራው ባላለቀበት ጠርሙስ ላይ የአደጋው መጀመሪያ ሊሆን ይችላል።

መርዙን በዓይንም በአፍንጫም መለየት አይቻልም። ክዳኑ ሊያብጥም ላያብጥም፣ ፈሳሹ ሊደፈርስም ላይደፈርስም ይችላል። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» የሚለው ተረት ለጠርሙስ የተተረተ ይመስለኛል፤ ጥርት ብሎ የሚታየውን መጠርጠር ነው ከባዱ። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከተበላ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል፤ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፣ የዓይን ቆብ ይወድቃል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ መዋጥ ያስቸግራል፣ ከዚያ የጡንቻ መዛል ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። እንዲህ የሆነ ሰው አንድ ሰዓት እንኳ ሳይባክን ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት፤ ማርከሻው የሚጠቅመው ቶሎ ሲሰጥ ነው።

የዚህ ሙያ ታሪክ ራሱ እጅ ከዕውቀት ቀድሞ የሄደበት ታሪክ ነው። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ምግብን በጠርሙስ አሽጎ በሚፈላ ውሃ የማቆየት ዘዴውን ያሳተመው በ1810 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለምን እንደሚሠራ ግን ሊያስረዳ አይችልም ነበር። አሜሪካዊው ጆን ሜሰን ክዳኑ ተጠምዝዞ ለሚዘጋ ጠርሙስ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1858 ነው። የሉዊ ፓስተር የጀርም ምርምር የጎላው ደግሞ በ1860ዎቹ። ቤልጂየማዊው ኤሚል ቫን ኤርሜንገም ቦቱሊዝምን የሚያመጣውን ባክቴሪያ የለየው ኤሌዜል በተባለ መንደር ከቀብር በኋላ ሃም (በጨው የተቀመጠ የአሳማ ሥጋ) የበሉ ሙዚቀኞች በ1895 ከተመረዙ ወዲህ ነው። ጠርሙሱ እስከዚያ ድረስ በየቤቱ ገብቷል። የቤተሰብ ደብተር ደግሞ ከደብተር የሚገለበጥ ነውና፣ ትናንት የተጻፈ የሚመስለው መስመር ሥሩ ባክቴሪያው ከመታወቁ በፊት ሊሆን ይችላል።

## በጀርባው በእርሳስ

ታዲያ ምን አዳናቸው? አንዱ መልስ ዕድል ነው። መርዙ እንዲፈጠር ስፖሩ፣ የአየሩ መጥፋት፣ የኮምጣጣነቱ ማነስ፣ ሙቀቱና ጊዜው ሁሉ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ መገናኘት አለባቸው። አብዛኛው ጠርሙስ ላይ አይገናኙም። አንዱ ላይ ሲገናኙ ግን ጠርሙሱ ቀድሞ አይናገርም።

ሁለተኛውን መልስ ያገኘሁት ወረቀቱን ሳገላብጠው ነው። በጀርባው፣ ሊጠፋ በተቃረበ እርሳስ፣ «ሲከፈት ድስት ውስጥ ጨምሮ መልሶ በደንብ ማንተክተክ» ተብሎ ተጽፏል። ብዙ የገለጠልኝ ይህ ግማሽ መስመር ነው። ስፖሩ የሚፈላን ውሃ ቢቋቋምም የሚረጨው መርዝ ግን በሙቀት ይፈርሳል። 10 ደቂቃ ሙሉ ማፍላት፣ በከፍታ ቦታ ደግሞ ለየ300 ሜትሩ 1 ደቂቃ መጨመር፣ መርዙን ያከሽፈዋል። እነዚያ የድሮ ባለሙያዎች ከጠርሙስ የወጣ ነገር ሳያፈሉ አይበሉም ነበር። ምክንያቱን አያውቁት ይሆናል፤ ልማዱ ግን ጥበቃ ነበር።

የቤተሰብ አሠራር እንዴት አደገኛ እንደሚሆን እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወረቀቱን የሚገለብጥ ሰው ፊቱን ይገለብጣል። ጀርባው ይቀራል። ቀጣዩ ሰው ስጎውን ከጠርሙሱ በማንኪያ አውጥቶ ቀዝቃዛውን ዳቦ ላይ ይቀባል። አንዲት ፊደል ሳትለወጥ አሠራሩ ሌላ ሆነ። ይህን ስል ግን «እንግዲያው በኋላ ስለምናፈላው አስተሻሸጉ አያሳስብም» ማለቴ አይደለም። መልሶ ማፍላት የመጨረሻው አጥር ነው፤ በትክክል የማሸግን ቦታ አይተካም። ጠርሙሱ ካበጠ፣ ካንጠባጠበ ወይም ሲከፈት ከተፋ ደግሞ አይቀመስም፣ አይፈላም፤ ሰውም እንስሳም በማይደርስበት መንገድ ይወገዳል።

ስለዚህ አሮጌ አሠራር ፍለጋ ሲባል ወረቀት ፍለጋ ብቻ ተደርጎ መያዝ የለበትም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ሠሪዋ በሕይወት ካለች አጠገቧ መቀመጥ ነው። «እንዴት ነው የሚሠራው?» የሚለው ጥያቄ ወረቀቱ ላይ ያለውን መልሶ ያስነግራል እንጂ አዲስ ነገር አያመጣም። የሚያዋጡት ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው፦ ጠርሙሱ ምን ያህል ነበር? የት ይቀመጥ ነበር? ስንት ወር ቆየ? ሲከፈት ምን ይደረግ ነበር? የትኛውን ትጥሉት ነበር፣ ለምን? አቼቶው ቤት የተጣለ ነበር ወይስ የተገዛ? የሞቱ ሰዎች ደብተር ከሆነ ደግሞ ኅዳጉን ማንበብ ነው። «አልቆየም»፣ «አረፋ አወጣ»፣ «ሎሚ ይጨመር» የሚሉ ጭረቶች ከዋናው ጽሑፍ ይልቅ ዋጋ አላቸው፤ ከሥራ በኋላ የተጻፉ ናቸውና። የእስክሪብቶው ቀለም ከተለያየ የትኛው ቃል በኋላ እንደገባ ይለያል። ገጹ ፊትና ጀርባው ፎቶ ይነሳ፤ ከዚያ ቃል በቃል ሳይታረም ይገልበጥ። እርማቱ በሌላ ገጽ ላይ ይሁን፤ ዋናውና እርማቱ ከተቀላቀሉ በኋላ መለየት አይቻልም።

## ስኒው የማን ስኒ ነው?

በአሮጌ ገጽ ላይ ያለ ልክ ሁሉ የአንድ ቤት ልክ ነው። «ሁለት ስኒ» ሲል ያ ስኒ የትኛው ነው? ከተገኘ እስከ አፉ ውሃ ሞልቶ መመዘን ነው፤ 1 ግራም ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ነውና ነገሩ ያልቃል። «እፍኝ» እና «ቁንጥር» ሲሆን የሠሪዋን እጅ ሚዛን ላይ ማድረግ ነው፤ ሦስት ጊዜ ታፍስ፣ ሦስቱም ይመዘኑ፣ መካከለኛው ይያዝ። ከውጭ መጽሐፍ የተገለበጠ ገጽ ከሆነ «ፓይንት» የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ነው፤ የአሜሪካው 473 ሚሊ ሊትር፣ የእንግሊዙ 568። ለጣዕም ልዩነቱ ቀላል ሊሆን ይችላል። አቼቶና ውሃ ላይ ግን አንዱን በዚህ፣ ሌላውን በዚያ መለካት ኮምጣጣነቱን ያፈርሰዋል።

አቼቶን በተመለከተ ጠንቀቅ ማለት ይገባል። አትክልት በአቼቶ ሲቀመጥ ጠባቂው አቼቶው ነው፤ ጨውና ቅመሙ ለጣዕም ናቸው። ቤት የተጣለ አቼቶ ጥንካሬው አይታወቅም፤ ምላስም ሊለካው አይችልም። ስለዚህ በቤት አቼቶ የተጻፈ አሠራር ሲገኝ 5 በመቶ አሲድ እንዳለው ጠርሙሱ ላይ በተጻፈበት አቼቶ መተካት አለበት፤ ውሃው ደግሞ ከአቼቶው አይብለጥ። በጣም ከኮመጠጠ ስኳር ጨምሩ እንጂ አቼቶውን አትቀንሱ። ጨው በአቼቶ አሠራር ላይ ቢቀነስ ችግር የለም። ያለ አቼቶ በጨው ውሃ ብቻ በሚኮመጥጥ አትክልት ላይ ግን ጨውን መቀነስ ፈጽሞ አይገባም፤ እዚያ ጥሩውን ባክቴሪያ ከመጥፎው የሚለየው የጨው መጠን ነው። ሻካራና ደቃቅ ጨው በስኒ ሲለካ ክብደቱ ስለሚለያይ ጨውን በሚዛን እንጂ በስኒ አትለኩ።

ኪያር ለምን እንደሚልፈሰፈስ ብዙ ሰው ይጠይቃል። መልሱ ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ ነው። አበባው የነበረበት ጫፍ አትክልቱን የሚያለሰልስ ኢንዛይም አለበት፤ ከዚያ ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቆርጦ መጣል ይበቃል። አሮጌ ገጾች ለዚሁ ጥንካሬ ሲሉ ኪያሩን በኖራ ውሃ መዘፍዘፍ ያዛሉ። ኖራው ያጠነክራል፤ ግን አሲድን ያረክሳል። በደንብ ካልታጠበ ኮምጣጣነቱን ስለሚያወርደው እኔ ብተወው እመርጣለሁ። አረንጓዴው እንዲደምቅ በመዳብ ድስት ማፍላት የሚል ካለ ደግሞ መስመሩ ይሰረዝ፤ አሲዱ መዳቡን እያሟሟ ምግቡ ውስጥ ይከተዋል። ነጭ ሽንኩርቱ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቢሆን ግን አትደንግጡ፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚመጣ ቀለም ነው፣ ጉዳት የለውም።

## ጣዕሙ ከወረቀቱ፣ ሰዓቱ ከሠንጠረዡ

አንድ ገጽ ላይ ሁለት አሠራር ተደባልቆ እንዳለ ማሰብ ሥራውን ያቀልለዋል። አንዱ ድስት ውስጥ የሚሆነው ነው፤ ምን ከምን ጋር፣ በምን ያህል። ሌላው ጠርሙስ ውስጥ የሚሆነው ነው፤ በምን ያህል ሙቀት፣ ለስንት ደቂቃ። የመጀመሪያው የቤተሰቡ ነው። ሁለተኛው ቤተሰብ ሊያውቀው የማይችለው ነገር ነው፤ ሙቀቱ ጠርሙሱ መሀል መቼ እንደሚደርስ የሚታወቀው በመሣሪያ ተለክቶ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የቤት እሸጋ መመሪያ ላይ ያሉት ሠንጠረዦች በዚህ መንገድ የተገኙ ናቸው።

መለያው ቁጥር 4.6 ነው። የምግቡ ፒኤች፣ ማለትም የኮምጣጣነቱ መለኪያ፣ ከዚያ ካነሰ ምግቡ ኮምጣጣ ነው፤ የቦቱሊዝም ስፖር አይነቃም፤ የሚፈላ ውሃ ይበቃዋል። አብዛኛው ፍራፍሬ፣ ጃም፣ በአቼቶ የተቀመጠ አትክልት እዚህ ይገባል። ከ4.6 በላይ ያለው ሁሉ፣ ፎሶሊያ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሥጋ፣ መረቅ፣ 116 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ አይታመንም። ውሃ በክፍት ድስት እዚያ አይደርስም። የሚደርሰው ለእሸጋ በተሠራ የግፊት ድስት ነው፤ እሱም መጀመሪያ እንፋሎቱ 10 ደቂቃ ሙሉ ሲወጣ ቆይቶ አየሩን ካባረረ በኋላ ብቻ። ለወጥ መቀቀያ የምንጠቀምበት ትንሹ ፕሬዠር ኩከር ቶሎ ስለሚሞቅና ቶሎ ስለሚበርድ የሠንጠረዡ ሰዓት ለእሱ አይሆንም። በግፊት ድስት ከፍታ ሲጨምር የሚጨመረው ግፊቱ እንጂ ደቂቃው አይደለም፤ ይህም በየሠንጠረዡ ተጽፏል።

ቲማቲም ድንበሩ ላይ ነው ያለው። አንዳንዱ ከ4.6 በታች፣ አንዳንዱ በላይ። ያ ወረቀት ደግሞ በላዩ ላይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮትና ዘይት ጨመረበት፤ አትክልቱ ሁሉ ኮምጣጣነቱን ያወርዳል። በዚህ ስጎ ላይ የሚፈላ ውሃ ሰዓት መገመት አይቻልም። ስለዚህ እንዲህ ተከፈለ፦ የሚታሸገው ቲማቲሙ ብቻ ነው፤ ሽንኩርቱ፣ ካሮቱና ዘይቱ ጠርሙሱ የሚከፈት ዕለት ድስት ላይ ይገባሉ። ከጣዕሙ የሚጎድል የለም። እንዲያውም ዕለቱን የተቁላላ ሽንኩርት ዓመት ጠርሙስ ውስጥ ከተቀመጠው ይበልጣል።

ለአንድ የ1 ሊትር ጠርሙስ 1.25 ኪሎ ያህል ቲማቲም ያስፈልጋል። ያልተመታ፣ ጠንከር ያለ፣ ከደረቀ ተክል ላይ ያልተለቀመ ይሁን፤ ተክሉ ሲሞት የፍሬው አሲድ ይቀንሳል። ቲማቲሙን ልጣጩ እስኪሰነጠቅ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከትቶ፣ ልጣጩንና እምብርቱን አውጥቶ አራት ቦታ መቁረጥ። አሁን የሚመጣውን ማንም ደብተር ላይ አላየሁትም። ከተቆረጠው ስድስት እጅ አንዱን ብቻ ድስት ውስጥ ጨምሮ፣ በእንጨት ማንኪያ እየደፈጠጡ፣ በኃይለኛ እሳት ቶሎ ማፍላት። ከዚያ ቀሪውን ጥቂት በጥቂት፣ ፍላቱ ሳይቋረጥ፣ ሳይደፈጠጥ መጨመር። ሁሉም ከገባ በኋላ 5 ደቂቃ ማፍላት። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ቲማቲም ሲቆረጥ ፈሳሹን አስተሳስሮ የያዘውን ፔክቲን የሚፈታ ኢንዛይም ይለቃል፤ ቶሎ ሲሞቅ ኢንዛይሙ ይሞታል። ተቆርጦ ድስት ውስጥ ተከምሮ በዝግታ የሞቀ ቲማቲም ጠርሙስ ውስጥ ከታች ውሃ፣ ከላይ ሥጋ ሆኖ ይለያያል። ሰው ያን ሲያይ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል፤ አልተበላሸም፣ ቀድሞ ተቆርጦ ስለቆየ ነው።

ጠርሙሱ ትኩስ ይሁን፤ ትኩስ ምግብ በቀዝቃዛ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ታቹ ክብ ሆኖ ተሰንጥቆ ይቀራል። ቲማቲሙ ከመግባቱ በፊት ለ1 ሊትር 2 የሾርባ ማንኪያ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ፣ ወይም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ መጨመር ግዴታ ነው። ሎሚ ከቤት ለምን አይጨመቅም? የአንዱ ሎሚ ኮምጣጣነት ከሌላው ስለሚለያይ ነው፤ የታሸገው ተመጣጥኖ የተዘጋጀ ነው። ጨው የፈለገ 1 የሻይ ማንኪያ። ከአፉ በታች 13 ሚሊ ሜትር ክፍት ይተው፤ በቀጭን የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ዘንግ ዳር ዳሩን ዞሮ የታፈነውን አየር ማስወጣት፤ አፉን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ መጥረግ። አፉ ላይ የቀረች አንዲት የቲማቲም ዘር ክዳኑን እንዳይዝ ታደርገዋለች። ክዳኑ በጣት ኃይል ብቻ ይጥበቅ፤ በክንድ ከጠበቀ አየሩ መውጫ ያጣል።

ከታቹ ፍርግርግ ባለበት ጥልቅ ድስት ውስጥ፣ ውሃው ከክዳኑ በላይ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ውሃው በኃይል ከፈላ ጊዜ ጀምሮ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 300 ሜትር ለ1 ሊትር ጠርሙስ 45 ደቂቃ፣ ለግማሽ ሊትር 35። እስከ 900 ሜትር 50 እና 40። እስከ 1,800 ሜትር 55 እና 45። ከዚያ በላይ 60 እና 50። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ጠርሙሶቹ 5 ደቂቃ እዚያው ይቆዩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ በዓይን ይታያል፤ ወዲያው ተጎትቶ የወጣ ጠርሙስ ፈሳሹን በክዳኑ ሥር እየተፋ ይጎድላል። ከዚያ ጨርቅ ላይ ቀጥ ብለው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይቁሙ። አይደፉ፣ ዳግመኛ አይጥበቁ። ያልሰረጎደ ክዳን ካለ ያ ጠርሙስ ወደ ፍሪጅ ነው፤ አለዚያም በ24 ሰዓት ውስጥ በአዲስ ክዳን እንደገና ሙሉ ሰዓቱን ይፈላል።

## 105 ዲግሪ፣ ግን የት?

ጃም ለአሮጌ ደብተር ከሁሉም የሚመች ነው። ስኳሩና አሲዱ ስለሚጠብቁት ስህተቱ ብዙ ጊዜ የጣዕምና የመርጋት ስህተት ነው። እኩል ፍሬ እኩል ስኳር የሚለው የጥንቱ ልክ ዛሬም ይሠራል። የማይሠራው ቁጥሩ ነው። «105 ዲግሪ ሲደርስ ይወጣል» የሚል ገጽ የተጻፈው በባሕር ጠለል አቅራቢያ ነው። ጃም የሚረጋው የዚያ ቦታ ውሃ ከሚፈላበት በ4 ዲግሪ ተኩል ያህል ሲበልጥ ነው። 2,400 ሜትር ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ጃሙ 96 ወይም 97 ሲል በቅቷል። እዚያ ሆኖ 105ን የጠበቀ ሰው የሚያገኘው በማንኪያ የማይነሣ፣ የተቃጠለ ስኳር የሚሸት ነገር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቴርሞሜትሩ በሚፈላ ውሃ ይሞከር፤ የሚያነበው ቁጥር ይጻፍ፤ 4.5 ይደመርበት። ቴርሞሜትር ከሌለ ቀድሞ የቀዘቀዘ ሳህን ላይ ጠብታ አድርጎ፣ አንድ ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ አቆይቶ በጣት መግፋት ነው፤ ገጹ ከተጨማደደ ደርሷል። ሙከራው እስኪያልቅ ድስቱ ከእሳት ይውረድ።

አሠራሩን እጥፍ አድርጎ መሥራት ሌላው የታወቀ ውድቀት ነው። ብዛቱ ሲጨምር ውሃው ለመትነን ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ፔክቲኑ ይፈርስና ጃሙ ሳይረጋ ይቀራል። ሁለት ጊዜ መሥራት ይሻላል። ላዩን በሻማ ሰም መሸፈን የሚለው ቀርቷል፤ ሰሙ ሲሰነጠቅ ሻጋታ ይገባል፣ ሻጋታውን ገፍፎ የቀረውን መብላትም መርዙ ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ አይሆንም። በእሱ ፈንታ 6 ሚሊ ሜትር ክፍት ትቶ፣ ከድኖ፣ በሚፈላ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ፤ ከ300 ሜትር በላይ 10፤ ከ1,800 በላይ 15። ለ5 ደቂቃው ጠርሙሱ ቀድሞ 10 ደቂቃ ተቀቅሎ የጸዳ መሆን አለበት።

## ጠርሙስ የማይቀበላቸው

አንዳንድ ገጽ በምንም ማስተካከያ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም፤ ይህን መቀበል ያሳዝናል። የተፈጨ ዱባ አንዱ ነው። ከመወፈሩ የተነሣ ሙቀቱ መሀሉ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም፤ የተፈተነው 2.5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የተቆራረጠውን በግፊት ድስት ማሸግ ብቻ ነው። በዱቄት የወፈረ ሾርባ፣ ቅቤና ወተት የገባበት ነገርም እንዲሁ። በዘይት የተዘፈዘፈ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከሁሉም የሚያታልለው ነው፤ ዘይቱ አየር ይከለክላል፣ ሽንኩርቱ ከአፈር ይመጣል፣ አሲድ የለም። እሱ ፍሪጅ ውስጥ ቢበዛ 4 ቀን ነው፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ ፍሪዘር። በምድጃ ሆድ ውስጥ ጠርሙስ መጋገር፣ አስፕሪን ጨምሮ መክደን የሚሉ መስመሮች ደግሞ ዋናው ግልባጭ ላይ እንዳሉ ይቀመጡ፤ ወደ ሥራ ገጹ አይሻገሩ።

የቲማቲሙ ወረቀት አሁን ሁለት ገጽ አለው። አንዱ ከነዘይት ጠብታው ያለው ፎቶ ነው። ሌላው ላይ የቲማቲሙ ኪሎ፣ የሎሚው ጭማቂ፣ የቦታው ከፍታና ደቂቃው በቁጥር ተጽፈዋል፤ የሽንኩርቱና የካሮቱ ልክ ከወረቀቱ እንዳለ ተወስዶ «ሲከፈት» ከሚለው ቃል ሥር ገብቷል። በጀርባው የነበረው የእርሳስ መስመር ደግሞ ወደ ፊት መጥቷል፤ ከሽንኩርቱ ቀጥሎ ሦስተኛው መስመር ላይ፣ በእስክሪብቶ፦ «መልሶ በደንብ ማንተክተክ፣ 10 ደቂቃ፤ ለየ300 ሜትሩ 1 ይጨመር»።